ስለ ስስ ወረቀት አመራረጥ ጥቂት ቃል

«ወረቀት ደግሞ ምን ይመረጣል? ነጭ ከሆነና ቀለም ከተቀበለ መች አነሰ!» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛም የዚህ መጽሔት አዘጋጆች እስካለፈው የሥነ ጥበብ እትማችን ድረስ ከነዚሁ ሰዎች መካከል ነበርን። ዛሬ ግን እንደዚያ አንልም። የማንልበትንም ምክንያት ለአንባቢያን መንገር ግዴታችን ነው፤ ባለፈው እትም የተበላሸው ወረቀት ብቻ ሳይሆን የሰው ሥራ ነውና። ያበላሸነውም እኛው ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅብረቱ ለሥነ ጥበብ እትም የሚሆን ገንዘብ ሲፈቅድልን ደስታችን ወሰን አልነበረውም። 64 ገጽ እንዲሆን፣ በ300 ቅጂ እንዲባዛ፣ ከዚያም ውስጥ 12ቱ ገጽ ሥዕልና የፊደል ንድፍ ብቻ እንዲይዝ ወሰንን። ሥዕሎቹን ለማሰባሰብ ሁለት ወር ፈጀብን። ከመጡልን ሥራዎች መካከል አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሣለችው የአያቷ ፊት ይገኝበት ነበር። በጥቁር ቀለምና በቀጭን ብዕር የተሠራ ሲሆን፣ ከዐይናቸው ጥግ ተነሥቶ ወደ ጉንጫቸው የሚወርደው የሽብሽባት መስመር ከፀጉር የቀጠነ ነው። አያቷ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። በሕይወት ሳሉ ፎቶግራፍ መነሣት አይወዱም ነበርና ከቤተ ሰቡ እጅ የቀረው መልካቸው ይኸው ሥዕል ነው። ልጅቱም ለአክስቶቿና ለአጎቶቿ አንዳንድ ልልክላቸው ነው ብላ ዘጠኝ ቅጂ አስቀድማ ገንዘቡን ከፍላ አስመዘገበች።

ከዚህ በኋላ ሒሳብ ያዝን። መጽሔታችን የኤ4 ወረቀት ለሁለት ታጥፎ የሚጠረዝ ስለ ሆነ አንድ ሉህ አራት ገጽ ይወጣዋል። እንግዲህ 64 ገጽ ማለት 16 ሉህ ነው፤ ለ300 ቅጂም 4,800 ሉህ ያስፈልጋል፤ ይኸውም 10 ደስጣ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ማለት ነው። የወረቀት ክብደት የሚነገረው አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ሉህ በሚመዝነው ግራም ነው። ኤ4 ደግሞ የአንድ ካሬ ሜትር 16ኛ እጅ ነው። ስለዚህ በየቢሮው የምናየው ባለ 80 ግራም ወረቀት አንዱ ሉህ 5 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ባለ 50 ግራሙ ግን ከ3 ግራም እምብዛም አያልፍም። ጠቅላላው ሲደመር የመጀመሪያው 24 ኪሎ፣ ሁለተኛው 15 ኪሎ ሆነ።

ዘጠኝ ኪሎ ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር መጽሔታችን በሰው እጅ የሚጓዝ መሆኑን ያስታውስ። ለዕረፍት ወደ ጎንደር፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ሐረር የሚሄድ ተማሪ ሁሉ አምስት አምስት ቅጂ በሻንጣው ጥግ ወትፎ ይሄዳል። በፖስታ የምንልከውም የሚከፈልበት በክብደት ነው። ከዚህም በላይ ወፍራም ወረቀት ለትንሽ መጽሔት አይመችም። ባለ 120 ግራም ወረቀት 16 ሉህ ተደርቦ ታጥፎ በሽቦ ሲያዝ እንደ ሳንቃ ይደርቃል፤ ገልጠው ሲያስቀምጡት መልሶ ይዘጋል። ስስ ወረቀት ግን እንደ ነጠላ ይተኛል፤ ሥዕሉንም በሁለት እጅ ይዞ መታገል ሳያስፈልግ ማየት ይቻላል። እንግዲህ ስስ ወረቀት መፈለጋችን ስሕተት አልነበረም። ስሕተታችን ስስ ወረቀት ሁሉ አንድ ነው ብለን ማሰባችን ነው።

መርካቶ ወረድን። ከወረቀት ነጋዴዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ነጭ፣ ልስልስ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ወረቀት አወጡልን። ዋጋው ከጠበቅነው በታች ስለ ነበር ዐይናችን በራ።

«ልጆቼ፣ ለምን ልታደርጉት ነው?» አሉን።

«ለሥዕል መጽሔት ነው፣ ጋሼ።»

«በአንድ ፊት ነው ወይስ በሁለት ፊት የምታትሙት?»

«በሁለት ፊት።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና «እስቲ እጃችሁን ከሥሩ አድርጉት» አሉ። አደረግን። ጣቶቻችን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብለው ይቈጠራሉ። ለማስተዋል ለሚፈቅድ ሰው ከዚህ የበለጠ ምክር አያስፈልገውም ነበር። እኛ ግን ቀለሙ ካረፈበት በኋላ ጀርባውን ማን ያየዋል ብለን ተከራከርናቸው፤ ገንዘቡን ከፍለን ደስጣዎቹን ተሸክመን ወጣን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለእኛ ነው።

ማባዣችን የፈተና ወረቀት የሚባዛበት ሪዞግራፍ ነው። አሠራሩን ለማያውቁ እንንገራቸው። መሣሪያው ጽሑፉንና ሥዕሉን አንብቦ በስስ ሽፋን ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ይበሳል፤ ሽፋኑ በቀለም በተሞላ ከበሮ ላይ ይጠመጠማል፤ ወረቀቱ ተጭኖ ሲያልፍ ቀለሙ በቀዳዳው በኩል ያርፍበታል። ሐሳቡ አባቶቻችን በእስቴንስል ያባዙ ከነበረበት መሣሪያ የተለየ አይደለም። ቀለሙ ዘይት ያለበት ስለ ሆነ በእሳት አይደርቅም፤ የሚደርቀው ወረቀቱ ውስጥ በመግባት ነው። ወረቀቱ ሲሳሳ የሚገባበት ጥልቀት ያጥረዋል፤ ስለዚህም ከወዲያ በኩል ብቅ ይላል።

በአያትየው ሥዕል ጀርባ የመጣው የአንድ ወዳጃችን የፊደል ንድፍ ነው። ገጹን የሞላ ጥቁር «መ» ነበር፤ ለብቻው ሲታይ እጅግ ያማረ ሥራ ነው። ሉሁ ተገልብጦ ሲወጣ የ«መ» ሁለቱ ክቦች ከጀርባ ዘልቀው በአሮጊቷ ዐይኖች ላይ ልክ በልክ አረፉ። መነጽር ያደረጉ መሰሉ። ከጉንጫቸው የነበረው ያ ከፀጉር የቀጠነ መስመር በግራጫው ጥላ ውስጥ ሰጠመ። በዚያን ጊዜ መሣሪያውን ማቆም ይገባን ነበር። ነገር ግን ሌላ ወረቀት የምንገዛበት ገንዘብ አልነበረንም፤ መጽሔቱም የሚወጣበት ቀን ተለፍፎ ነበር። ሲደርቅ ይቀላል ተባባልንና ቀጠልን። ሲደርቅ አልቀለለም።

መጽሔቱ በወጣ ማግስት በመመገቢያ አዳራሹ ሳቅ ሆነ። «የማን አያት ናቸው ባለ መነጽሯ?» የሚል ተገኘ። ልጅቱም እኛ ዘንድ መጣች። ትቈጣናለች ብለን ስንጠብቅ አልተቈጣችም። ቅጂውን አገላብጣ አየችና «ዘጠኙን ለሌላ ሰው ስጡት፤ ለእናቴ ይህን አላሳይም» ብላ ሄደች። ገንዘቧን ብንመልስላት አልቀበልም አለች። ይቅርታ ጠይቀናል፤ ነገር ግን ይቅርታ ቀለም አያጠፋም።

ከዚያ ወዲህ በጸጸት ብቻ ላለመቀመጥ ስለ ወረቀት ያገኘነውን ሁሉ ማንበብና የሚያውቁትን መጠየቅ ጀመርን። ከሁሉ አስቀድሞ የተረዳነው ስስነትና አሳላፊነት አንድ አለመሆናቸውን ነው። ወረቀት የተክል ክሮች ተደራርበው የሚሠሩት ነገር ነው። ብርሃን በክሩና በክሩ መካከል ባለው አየር ድንበር ላይ በደረሰ ቍጥር ይሰበራል፤ ይበተናል፤ ከወዲያ ያለውም አይታይም። ክሮቹ አብዝተው ተወቅጠውና ተጨምቀው አየሩ ሲወጣ ግን ብርሃን ያለ እንቅፋት ያልፋል። የንድፍ መቅጃ ወረቀት እንዲያ አሳላፊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ልስልስና የሚንኮሻኮሽ ወረቀታችንም የተወቀጠና የተጨመቀ ነበር። እኛን ያማለለን መልካም ጠባዩ ሥዕሉን የገደለው ራሱ ነው።

ስስ ሆኖ የማያሳልፍ ወረቀት ለመሥራት ፋብሪካዎች ከክሩ ጋር ነጭ ዱቄት ይጨምራሉ፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ነጭ ሸክላ፣ ከሁሉም ይልቅ ኃይለኛ የሆነው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው። እያንዳንዱ ቅንጣት ብርሃኑን ይበትነዋል። በዚህ ዘዴ ስማቸው የተነሣው እንግሊዞች ናቸው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርስቲ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1875 በጣም ስስ ሆኖ ጀርባውን የማያሳይ ወረቀት በራሱ ፋብሪካ አሠርቶ መጽሐፍ ቅዱስ አተመበት። ወረቀቱ ከዚያ ወዲህ «የሕንድ ወረቀት» ወይም «የመጽሐፍ ቅዱስ ወረቀት» እየተባለ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1910 እና በ1911 የወጣው የብሪታኒካ ኢንሳይክሎፔድያ 11ኛ እትም 29 ጥራዝ ሲሆን፣ በዚሁ ዐይነት ስስ ወረቀት የታተመው ከተራው እጅግ የቀጠነና በእጅ ለመያዝ የሚቀል ሆኖ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1931 በፓሪስ የተጀመረው የፕሌያድ ተከታታይም አንድ ደራሲ በሙሉ በኪስ የሚገባው በዚህ ወረቀት ነው።

ነገር ግን የመጽሐፍ ቅዱስ ወረቀት ዋጋው ከእኛ ዐቅም በላይ ነው። ታዲያ ለደኻ መጽሔት ምን ይቀርለታል?

አንደኛው የጋዜጣ ወረቀት ነው። 45 ግራም ያህል ሆኖ ሳለ በሁለት ፊት ይታተምበታል፤ እንጨቱ በመፍጨት ስለሚዘጋጅ ክሩ ሻካራና አየር የያዘ ነውና ብርሃንን ይከለክላል። ግራጫ መልኩም ይረዳዋል፤ ደብዘዝ ያለ ወረቀት ከደማቅ ነጭ ይልቅ ጀርባውን ይሸሽጋል። ጉድለቱ ዕድሜው ነው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባለው ነገር ስላልወጣለት ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ይወይባል፤ ውሎ አድሮም ይሰባበራል። ለማስታወቂያ ይበቃል፤ ለአያት ፊት ግን አይበቃም።

ሁለተኛው ድሮ የአየር መልእክት ይጻፍበት የነበረውና በካርቦን ለሚወጣ ቅጂ የሚያገለግለው ስስ ወረቀት ነው። ጠንካራ ነው፤ ዕድሜም አለው። ነገር ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳላፊ ስለ ሆነ በአንድ ፊት ብቻ ካልሆነ በቀር አይሆንም። ሦስተኛው በላዩ ነጭ ሽፋን የተቀባ አንጸባራቂ ስስ ወረቀት ነው፤ ትልልቅ መጽሔቶች በኦፍሴት ማተሚያ ሲያትሙበት መልካም ሥዕል ይሰጣል። በእኛ ማባዣ ግን ቀለሙ የሚገባበት ስለማያገኝ ሳምንት ቢያድር እንኳ በጣት ይጠረጋል። አራተኛው ያልተቀባ፣ ሻከር ያለ፣ ወደ ክሬም መልክ የሚያደላ ባለ 50 ወይም ባለ 60 ግራም የመጽሐፍ ወረቀት ነው። መልኩ ዐይን አይስብም፤ በመርካቶም ከመደርደሪያው ሥር ነው የሚቀመጠው። ለእኛ ሥራ የሚስማማው ግን ይኸው ሆኖ አገኘነው።

እንግዲህ ከእኛ በኋላ የሚመጡ አዘጋጆች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ይህን ይፈትኑ። በመጀመሪያ ነጭ ወረቀት ላይ የአውራ ጣት ስፋት ያለው ጥቁር መስመር ያትሙ፤ ሊገዙት ያሰቡትን ሉህ በላዩ ይዘርጉ። ከሩቅ ጥቁሩ ከታየ፣ በገጹ ጀርባ ያለውም ሥዕል ይታያል። ሁለተኛ፣ በራሳቸው ማባዣ በሁለቱም ፊት ያትሙበትና አሳድረው ይዩት፤ ዘይቱ ሰርጎ ከወዲያ የሚወጣው ወዲያው ሳይሆን ቆይቶ ነውና። የመጀመሪያው ፊት ሳይደርቅ ሁለተኛውን ማተም ደግሞ የመሣሪያውን ጎማ ያቆሽሻል፤ ጎማውም መልሶ ሥዕሉን ያቆሽሻል።

ሦስተኛ፣ የክሩን አቅጣጫ ይወቁ። ወረቀት እንደ ጣውላ አቅጣጫ አለው። ሉሁን በቁመትና በወርድ ቀደድ ቢያደርጉት በክሩ በኩል ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፤ በአግድሙ ግን ይጠማዘዛል። መጽሔት በክሩ አቅጣጫ ሲታጠፍ ገጹ ለስልሶ ይገለጣል። የተለመደው ኤ4 ክሩ የሚሄደው በረጅሙ ጎን ስለ ሆነ ለሁለት ስናጥፈው ክሩን እየሰበርን ነው። ነገር ግን ወረቀቱ በረጅሙ ሲገባ መሣሪያው የሚወደው ይህንኑ አቅጣጫ ነው፤ ስስ ሉህ በክሩ በኩል ሲገባ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አለዚያ ይታጠፍና ይነከሳል። የመሣሪያው ፍላጎትና የአንባቢው እጅ እዚህ ላይ አይስማሙም። በስስ ወረቀት ግን የእጥፋቱ ጉዳት ትንሽ ስለ ሆነ እኛ ለመሣሪያው ፈርደናል። የማባዣ ክፍሉ ሠራተኛ ጋሼም አንድ ምክር ጨመሩልን፤ ስስ ወረቀት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ይጨማደዳልና እስከሚታተምበት ሰዓት ድረስ ደስጣው ከነመጠቅለያው ይቀመጥ፤ ሲከፈትም ሁለት ሁለት ሆኖ እንዳይገባ በእጅ እየተናፈሰ ይለያይ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ባለ 50 ግራም ወረቀት ገጽ የሞላ ጥቁር ንድፍ ሙሉ በሙሉ አይደብቅም። የቀረውን መላ ያገኘነው ከወረቀቱ ሳይሆን ከአጣጠፉ ነው። ጃፓኖች ስስ ወረቀታቸው ላይ በእንጨት ቅርጽ ሲያትሙ በአንድ ፊት ብቻ ያትሙና ሉሁን ለሁለት ያጥፉታል፤ እጥፋቱን ወደ ውጭ፣ ክፍቱን ጎን ወደ ስፌቱ ያደርጉታል። ባዶዎቹ ጀርባዎች እርስ በርስ ተያይተው ውስጥ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1814 ጀምሮ የወጣው የሆኩሳይ «ማንጋ» የተባለው ባለ 15 ቅጽ የሥዕል መጽሐፍ የተጠረዘው እንዲህ ነው። የእኛም አገር የብራና ጸሓፊዎች ቍርበቱ ሲሳሳ ብርሃን እንደሚያሳልፍ ያውቁ ነበር፤ በጥንት መጻሕፍት ውስጥ ጀርባው ባዶ የተተወ ሥዕል ይገኛል። ብራና ስንት ድካም እንደሚጠይቅ ለሚያውቅ ሰው፣ ያን ባዶ ገጽ መተው ቀላል ነገር አይደለም።

እኛም ይህን ለማድረግ ወሰንን። ነገር ግን ሒሳቡ መልሶ ያዘን። 12ቱ የሥዕል ገጾች በሁለት ፊት ሲታተሙ 3 ሉህ ይበቃቸው ነበር፤ በአንድ ፊት ታትመው ሲታጠፉ 6 ሉህ ይፈልጋሉ። ገንዘባችን ደግሞ ለአንድ ቅጂ ከ16 ሉህ በላይ አይፈቅድም። ስለዚህ ለጽሑፍ የሚቀረው 10 ሉህ፣ ማለት 40 ገጽ ብቻ ሆነ። ከ52ቱ የጽሑፍ ገጽ 12ቱ መውጣት አለባቸው ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ምሽት ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን ሥዕሉን ወደ ስድስት እንቀንስ አልን፤ ሌሎች ደግሞ ከግጥሞቹ እናውጣ አሉ። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ የገጾቹን ዝርዝር ይዞ ቁጭ አለና የእኛው የአዘጋጆቹ ርእሰ አንቀጽ፣ እንዲሁም ስለ ሥነ ጥበብ ጥቅም የጻፍነው ረጅም ሐተታ ስንት ገጽ እንደ ሆነ ደመረ። ልክ 12 ሆነ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ አልቀጠለም። ሐተታውን አስወጥተነዋል፤ የሥነ ጥበብን ጥቅም ሥዕሎቹ ራሳቸው ይናገሩ።

አሁን የቀረው ልጅቱ ናት። ሥዕሏን እንደ ገና እናትምላት ዘንድ ፈቃዷን ስንጠይቅ «መጀመሪያ ወረቀቱን አሳዩኝ» አለችን። ክሬም መልክ ያለውን ሉህ እንደ ጃፓኖች አጥፈን፣ በስተኋላው ያንኑ ጥቁር «መ» ያለበትን ቅጠል ደርበን ወሰድንላት። እጇን ከሥሩ አስገባች። ጣቶቿ አልታዩም። «ለእናቴ ላሳያት» ብላ ይዛው ሄደች፤ ገና አልመለሰችልንም። ይህ ጽሑፍ እስከ ተባዛበት ቀን ድረስ በሚመጣው የሥነ ጥበብ እትም ውስጥ አንድ ገጽ ባዶውን አስቀምጠንላታል። እምቢ ካለችም መብቷ ነው፤ ገጹ ባዶ እንደ ሆነ ይወጣል እንጂ ሌላ ነገር አንሞላበትም።